የተመልካች ሰዓትና የደራሲ ዋጋ፦ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ደራስያን አድማ በአድናቂዎች ዘንድ ያስነሣው ክርክር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር በቃል የቀረበ ንግግር ጽሑፋዊ ቅጂ። ከሀገራችን አዋጆች በስተቀር ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)



በሜይ 2 ቀን 2023 በአሜሪካ 11,500 ያህል የፊልምና የቴሌቪዥን ደራስያን ሥራ አቆሙ። አድማው 148 ቀናት ቆየ። የምሽት የጨዋታ ዝግጅቶች ወዲያውኑ ተቋረጡ፤ በዝግጅት ላይ የነበሩ ተከታታይ ድራማዎችም አንድ በአንድ ቆሙ። በጁላይ ወር ተዋንያኑ በበኩላቸው አድማ መቱና የሆሊውድ ሥራ ከሞላ ጎደል ጸጥ አለ። በእነዚህ ወራት በደራስያኑና በኩባንያዎቹ መካከል ከተካሄደው ድርድር ጎን ለጎን ሌላ ክርክር ይካሄድ ነበር፤ እርሱም ድራማዎቹን የሚወዱ ተመልካቾች እርስ በርሳቸው ያደረጉት ክርክር ነው። የዛሬው ገለጻዬ የሚያተኩረው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

በተመልካቾች ዘንድ ሦስት ጥያቄዎች ተደጋግመው ይነሡ ነበር። አንደኛው፣ «አናጺ ወንበር ሠርቶ ከሸጠ በኋላ ሰው በተቀመጠበት ቁጥር አይከፈለውም፤ ታዲያ ደራሲ ጽሑፉን አስረክቦ ዋጋውን ከተቀበለ በኋላ ስለ ምን ደግሞ ይከፈለዋል?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «የሆሊውድ ደራሲ በሳምንት የሚያገኘው ከብዙዎቻችን የወር ገቢ ይበልጣል፤ ታዲያ ተበደልሁ ማለቱ ተገቢ ነውን?» የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ድራማውን የምንወድ እኛስ ምን እናድርግ? መመልከታችንን እንተው ወይስ እንቀጥል?» የሚል ነበር። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ስለሆኑ በቅደም ተከተል እመልሳቸዋለሁ። ከወዲሁ ግን የገለጻዬን ፍሬ ሐሳብ ልናገር፦ የክርክሩ እምብርት የገንዘቡ መጠን ብቻ አይደለም። ተመልካቹ ለአንድ ሥራ የሰጠው ጊዜ በደራሲው ክፍያ ውስጥ ይቈጠራል ወይስ አይቈጠርም የሚለው ነው።

፩. ወንበሩና አናጺው

የአናጺው ምሳሌ የሚያሳምን ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል። በመጀመሪያ፣ ወንበር ሲሸጥ ጥቅሙ ይታወቃል፤ ሻጩም ገዢውም ምን እንደሚለዋወጡ ያውቃሉ። የቴሌቪዥን ድርሰት ሲሸጥ ግን ሥራው ይወደድ ወይም ይረሳ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሁለተኛ፣ አንድ ወንበር በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ይሸጣል። አንድ ድራማ ግን መጀመሪያ ለሠራው ጣቢያ፣ ቀጥሎ ለሌሎች ጣቢያዎች፣ ከዚያ ለውጭ አገሮች፣ በዲስክ፣ በመጨረሻም በኢንተርኔት ሥርጭት ደጋግሞ ይሸጣል። ኩባንያው በእያንዳንዱ ሽያጭ ገቢ ያገኛል፤ የተሸጠው ነገር ግን ያው አንድ ድርሰት ነው።

ከዚህም ጋር የሕግ ጉዳይ አለ። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው የቅጂ መብቱን ይዞ ከሚሸጠው መጽሐፍ ድርሻውን ይቀበላል። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ሥራ ልማድ ግን ደራሲው የሚጽፈው ተቀጥሮ ስለሆነ በሕግ ዓይን የሥራው ባለቤት፣ እንዲያውም «ደራሲው»፣ ቀጣሪው ኩባንያ ነው። ግለሰቡ ደራሲ የተወውን መብት የሚተካለት በማኅበሩ በኩል የሚገኘው የኅብረት ስምምነት ነው። በዚያ ስምምነት ውስጥ «ሬዚዱዋል» የሚባል ክፍያ አለ፤ ሥራው ዳግመኛ በታየ ወይም ዳግመኛ በተሸጠ ጊዜ ለደራሲው የሚታሰብ ድርሻ ነው። ስለዚህ ሬዚዱዋል ችሮታ አይደለም። ሥራው ሲሸጥ ሊታወቅ ያልቻለው የዋጋ ክፍል፣ ዋጋው ሲታወቅ የሚከፈልበት መንገድ ነው።

ይህ ክፍያ ያለ ትግል የተገኘ አይደለም። በ1960 ደራስያኑ ከጃንዋሪ እስከ ጁን ባደረጉት አድማ ለሲኒማ ቤት የተሠሩ ፊልሞች በቴሌቪዥን ሲታዩ ድርሻ የማግኘትን መብት አስከበሩ፤ የጡረታና የጤና ፈንድም ተቋቋመ። በዚያው ዓመት፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን ይመራው የነበረው የተዋንያን ማኅበርም በተመሳሳይ ጥያቄ አድማ መትቶ ነበር። በ1985 የቪዲዮ ካሴት፣ በ1988 የድጋሚ ሥርጭት፣ በ2007 ኢንተርኔት፣ በ2023 ደግሞ ስትሪሚንግ የአድማ ምክንያቶች ሆኑ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ አዲስ የማሳያ መንገድ በመጣ ቁጥር «በዚህኛውስ መንገድ የተመለከተው ሰው ይቈጠራልን?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል።

፪. አራቱ ሳንቲሞች

የ2007ቱ አድማ ኖቬምበር 5 ተጀምሮ በፌብሩዋሪ 12 ቀን 2008 አበቃ፤ 100 ቀናት ፈጀ። ከዋነኞቹ ቅሬታዎች አንዱ የዲቪዲ ክፍያ ነበር። ስሌቱ የተወረሰው ከቪዲዮ ካሴት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ካሴት ማባዛት ውድ ነው በሚል ምክንያት ከሽያጩ ገቢ 80 በመቶው ከስሌት ውጭ ይደረግና የደራሲው ድርሻ ከቀሪው 20 በመቶ ላይ ብቻ ይታሰብ ነበር። ከዚያች ቀሪ ላይ 1.5 በመቶ ሲወሰድ ከጠቅላላው ገቢ 0.3 በመቶ ይሆናል። ዲቪዲ ከካሴት እጅግ በረከሰ ዋጋ መባዛት ሲጀምርም ስሌቱ አልተለወጠም። ውጤቱ ከአንድ ዲቪዲ 4 ሳንቲም ያህል ነበር።

ይህ ቁጥር ለተመልካቹ ለመረዳት ቀላል ነበር። ዲስኩ በመደርደሪያው ላይ አለ፤ የከፈለበትን ዋጋም ያውቃል። ከዚያ ዋጋ ውስጥ አራት ሳንቲም ብቻ ለጸሐፊው እንደደረሰ ሲሰማ ያለ አስረጅ ማመዛዘን ይችላል። ከአድማው ጥቂት ወራት በፊትም አድናቂዎች ድምፃቸው ኃይል እንዳለው አይተው ነበር። ሲቢኤስ «ጄሪኮ» የተባለውን ድራማ ሲሰርዝ ተመልካቾች በድራማው ውስጥ ካለች አንዲት ቃል ተነሥተው 20 ቶን ያህል ኦቾሎኒ ለጣቢያው ላኩ፤ ጣቢያውም ተጨማሪ ሰባት ክፍሎች አዘዘ። በአድማው ወቅት ይኸው ልማድ መልኩን ለወጠ። አድናቂዎች በአድማ ሰልፍ ላይ ለቆሙት ደራስያን ምግብ አቀረቡ፤ ለኩባንያ ኃላፊዎችም በሣጥን በሣጥን እርሳስ ላኩ። እርሳሱ፣ የሚወዱት ታሪክ የሚጀምረው ከጸሐፊው እጅ መሆኑን ለማስታወስ የተላከ ነበር።

የዲቪዲው ክፍያ ግን አልተሻሻለም። ማኅበሩ በአድማው ዋዜማ ጥያቄውን ትቶ ኃይሉን በኢንተርኔት ላይ አሰባሰበ። በዚያን ጊዜ ይህ ውሳኔ የተጨበጠውን ትቶ ጥላን መከተል የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። ኔትፍሊክስ በኢንተርኔት ማሳየት የጀመረው በዚያው በ2007 ሲሆን ዋናው ሥራው ዲቪዲ በፖስታ መላክ ነበር። በ2008ቱ ስምምነት የማኅበሩ ውል ለኢንተርኔት በሚሠሩ ድራማዎችም ላይ እንዲጸና ሆነ። ይህ ባይሆን ኖሮ፣ ከ2013 ጀምሮ እንደ «ሃውስ ኦፍ ካርድስ» ያሉትን የኢንተርኔት ድራማዎች የጻፉት ሰዎች ከኅብረት ስምምነት ውጭ ሊቀሩ ይችሉ ነበር።

፫. ቈጣሪ የጠፋበት ዘመን

በ2008 የተገኘው ውል ግን አንድ ጉድለት ነበረው፤ እርሱም የታየው ስትሪሚንግ ዋናው የማሳያ መንገድ ከሆነ በኋላ ነው። በቀድሞው ቴሌቪዥን ድራማው ሲወደድ ደጋግሞ ይታያል፤ ደጋግሞ ሲታይ ደራሲው ደጋግሞ ይከፈለዋል። በስትሪሚንግ «ድጋሚ ሥርጭት» የሚባል ነገር የለም፤ ሥራው ሌሊትም ቀንም በመደርደሪያው ላይ ነው። ስለሆነም ክፍያው በሁለት መንገድ ይታሰብ ጀመር። ሥራው በቀጥታ ለስትሪሚንግ የተሠራ ከሆነ በአገልግሎቱ ደንበኞች ብዛት ላይ የተመሠረተ የተወሰነ ገንዘብ በየዓመቱ ይከፈላል። ለሌላ ጣቢያ ተሠርቶ በኋላ ለስትሪሚንግ የተከራየ ከሆነ ደግሞ ከኪራዩ ዋጋ ጥቂት በመቶ ይታሰባል። በሁለቱም መንገድ ሥራውን አሥር ሺህ ሰው ቢያየው ወይም አሥር ሚሊዮን ሰው ቢያየው ለደራሲው ያው ነበር።

«ሱትስ» የተባለው የሕግ ባለሙያዎች ድራማ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ድራማው ከ2011 እስከ 2019 በኬብል ቴሌቪዥን ታየ፤ በ2023 የበጋ ወራት፣ አድማው በተፋፋመበት ጊዜ፣ በአሜሪካ ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ ያልተጠበቀ ተወዳጅነት አገኘ። ኒልሰን የተባለው የተመልካች ቈጠራ ድርጅት እንዳስታወቀው በአንድ ሳምንት ብቻ ከ3 ቢሊዮን ደቂቃ በላይ ታየ። ከድራማው ደራስያን አንዱ በሎስ አንጀለስ ታይምስ እንደጻፈው ግን ስድስቱ የመጀመሪያ ደራስያን በአንድ ሩብ ዓመት ከስትሪሚንግ ያገኙት ክፍያ በጠቅላላ ከ3,000 ዶላር በታች ነበር። ለአድናቂዎች ይህ ከማንኛውም መግለጫ የበለጠ ተናገረ። በዚያ በጋ ያሳለፏቸው ሰዓታት ለኩባንያው በጥንቃቄ ተቈጥረዋል፤ ለጸሐፊው ግን እንዳልነበሩ ናቸው።

፬. የሳምንቱ ደመወዝና የዓመቱ ገቢ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። የደራስያኑ የሳምንት ክፍያ ከፍተኛ ነው መባሉ ውሸት አይደለም። ስሕተቱ ግን የሳምንቱን ክፍያ በዓመቱ ሳምንታት ሁሉ ማባዛት ነው። ለማስረዳት ያህል በምሳሌ ላስላው፤ ቁጥሮቹ ሒሳቡን ለማሳየት ብቻ የቀረቡ ናቸው። አንድ ደራሲ በሳምንት 5,000 ዶላር ይከፈለው እንበል። የቀድሞው የቴሌቪዥን ድራማ በአንድ ምዕራፍ 22 ያህል ክፍሎች ስለነበሩት 40 ሳምንት ሊሠራ ይችላል፤ ገቢው 200,000 ዶላር ይሆናል። የስትሪሚንግ ድራማ ግን ብዙውን ጊዜ ስምንት ወይም ዐሥር ክፍሎች ብቻ አሉት። ሥራው 20 ሳምንት ከቆየ ገቢው 100,000 ነው። ከዚህ ላይ 10 በመቶ ለወኪሉ፣ 10 በመቶ ለሥራ አስኪያጁ፣ 5 በመቶ ለጠበቃው ሲከፍል ከግብር በፊት 75,000 ይቀረዋል። ቀጣዩ ሥራ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ቀድሞ ይህን ክፍተት የሚሞላው የድጋሚ ሥርጭቱ ክፍያ ነበር።

የማኅበሩ ጥናት የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። በ2013–14 የሥራ ዘመን በውሉ በተቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ ይሠሩ የነበሩት የቴሌቪዥን ደራስያን ሢሶ ያህል ሲሆኑ በ2021–22 ግን ግማሽ ያህል ሆኑ። ልምድ ያላቸው ሰዎች ጭምር ወደ ወለሉ ወርደዋል ማለት ነው።

ከገንዘቡ የማያንስ ሌላ ጉዳትም ነበር። የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የሚጻፈው «ራይተርስ ሩም» በሚባል ክፍል ውስጥ ደራስያን ተሰብስበው ነው። ጀማሪው ከአንጋፋው ጎን ተቀምጦ ታሪክ ሲዋቀር ያያል፤ የጻፈው ክፍል ሲቀረጽ በቦታው ተገኝቶ ከተዋንያንና ከዳይሬክተሩ ጋር መሥራትን ይማራል። ኩባንያዎች ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ደራስያንን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚቀጥሩበትን «ሚኒ ሩም» የተባለ አሠራር ሲያስፋፉ ይህ የትምህርት ሰንሰለት ተበጠሰ። ድራማው ሲቀረጽ ጀማሪው ደራሲ ቀድሞ ተሰናብቷል። ነገ አንድን ድራማ በኃላፊነት የሚመራው ማን ነው የሚለው ጥያቄ፣ ስለዚህ፣ የደራስያኑ ብቻ ሳይሆን የተመልካቹም ጥያቄ ነው።

፭. አድናቂው ምን ያድርግ?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ የአድናቂው ፍቅር ሁለት አቅጣጫ ስላለው ነው። ተመልካቹ ጸሐፊው በደኅና እንዲኖር ይፈልጋል፤ ድራማው ሳይቋረጥ እንዲቀጥልም ይፈልጋል። በአድማ ወቅት ሁለቱ ይጋጫሉ። በ2007–08 አድማ ምክንያት የ«ብሬኪንግ ባድ» የመጀመሪያ ምዕራፍ በታቀዱት ዘጠኝ ክፍሎች ፋንታ በሰባት አበቃ፤ የ«ሂሮስ» ሁለተኛ ምዕራፍም በ11 ክፍሎች ተቈረጠ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአድማው ውሳኔ ያልተሳተፉ ሠራተኞች፣ አናጺዎች፣ ሾፌሮች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ምግብ አቅራቢዎች፣ ያለ ደመወዝ ሰነበቱ። አድማን የሚደግፍ ሰው ይህን ዋጋ ሳይሸሽግ መናገር አለበት።

በ2023 ብዙ አድናቂዎች የስትሪሚንግ ደንበኝነታቸውን ስለማቋረጥ ተከራከሩ። የደራስያኑ ማኅበር ግን እንዲህ ያለ ጥሪ አላቀረበም። ይህ ምክንያታዊ ነው። ማኅበሩ የጠየቀው ተመልካችነት እንዲቈጠር ሆኖ ሳለ፣ የሚቈጠረው ነገር እንዲቀንስ መጥራቱ ዓላማውን ያደበዝዘው ነበር። የተመልካቹ ድጋፍ የበለጠ የጠቀመው በሌላ መንገድ ነው። በሴፕቴምበር 2023 ተዋናይት ድሩ ባሪሞር የቶክ ሾው ዝግጅቷን ያለ ደራስያኑ ለመቀጠል መወሰኗን ስታስታውቅ ከማኅበሩም ከሕዝቡም ብርቱ ተቃውሞ ገጠማት፤ በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቃ ውሳኔዋን ሰረዘች። ሕጋዊ ግዴታ ያላስገደዳትን ነገር የተመልካቹ ፍርድ አስገደዳት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂላችን ለሠራተኞች ማኅበር ብቻ ሳይሆን በአንድ ቤት ሳይሰበሰቡ ለሚተባበሩ ተመልካቾችም ይሠራል።

፮. ምን ተገኘ?

አድማው በሴፕቴምበር 27 ቀን 2023 አበቃ፤ ስምምነቱም በ99 በመቶ የአባላት ድምፅ ጸደቀ። ዝቅተኛው ክፍያ በሦስት ዓመታት ውስጥ በአብዛኛው 5፣ 4 እና 3.5 በመቶ እንዲጨምር ሆነ። ለአንድ ድራማ የሚቀጠሩ ደራስያን ዝቅተኛ ቁጥር እንደ ክፍሎቹ ብዛት ተወሰነ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያመነጨው ጽሑፍ በውሉ መሠረት የደራሲ ሥራ ተደርጎ እንዳይቈጠርና የደራሲውን ክፍያም ሆነ ስም እንዳይቀንስ ተደነገገ። ለዛሬው ርእሳችን ዋናው ግን የሚከተለው ነው፦ ለስትሪሚንግ የተሠራ ትልቅ በጀት ያለው ሥራ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ከአገልግሎቱ የሀገር ውስጥ ደንበኞች 20 በመቶው ያህል ከተመለከቱት፣ ደራሲው የተወሰነለትን ሬዚዱዋል 50 በመቶ በቦነስ መልክ ያገኛል። ኩባንያዎቹም የተመልካች ሰዓትን ቁጥር በምስጢር ለማኅበሩ እንዲሰጡ ተስማሙ።

የዚህን ውጤት ልክ ማጋነን አይገባም። የ20 በመቶው ደፍ ከፍተኛ ስለሆነ የሚሻገሩት ጥቂት ሥራዎች ናቸው። ቦነሱ የሚመለከተውም ለስትሪሚንግ የተሠሩትን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ክርክሩን ያቀጣጠለው «ሱትስ» ራሱ ከቦነሱ ውጭ ነው። ይሁን እንጂ መርሑ ተተክሏል፤ የተመልካቹ ሰዓት በደራሲው ውል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በስትሪሚንግ ተጽፏል። በታኅሣሥ 2023 ኔትፍሊክስ ከ18,000 በላይ ርእሶችን የተመልካች ሰዓት የያዘ ዘገባ በራሱ ፈቃድ ለሕዝብ አወጣ። ተደብቆ የኖረው ቁጥር ቀስ በቀስ ወደ ብርሃን እየወጣ ነው።

፯. ለእኛ ተማሪዎች

ከእናንተ መካከል ነገ ለቴሌቪዥን የምትጽፉ፣ ውል የምታረቁ ወይም ዳኛ ሆናችሁ የምትፈርዱ ትኖራላችሁ። በሀገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል ለተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የመብቱ የመጀመሪያ ባለቤት ቀጣሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ወገን ነው። አዋጁን ያሻሻለው ቁጥር 872/2007 ደግሞ የመብት ባለቤቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር አማካይነት ሮያሊቲ የሚሰበስቡበትን መንገድ አመልክቷል። «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የምትለዋን ሐረግ አደራ አስተውሏት። የአሜሪካ ደራስያን ከ1960 ጀምሮ የታገሉት እንዲህ ያለውን «ሌላ ስምምነት» በጋራ ለመጻፍ ነው። ብቻውን የሚደራደር ደራሲ በዚያች ሐረግ ሊጠቀም የሚችለው እጅግ በጥቂቱ ነው።

ስለዚህ ማንም የድርሰት ውል የሚፈርም ሰው ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ። ሥራዬ በየትኞቹ መንገዶች ሊታይ ይችላል? በእያንዳንዱ መንገድ የተመለከተውን ሰው የሚቈጥረው ማን ነው? ቁጥሩንስ እኔ ላየው እችላለሁን? ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካላገኘ የሁለቱ መልስ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ የማይታይ ቁጥር በመቶኛ ቢካፈል ድርሻው ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅምና።